ጋሽ ሽቶ ከዳኛው ፊት

ጠዋት ጠዋት በቆዳ ፋብሪካው በር ከሚገቡት ሦስት መቶ ሠራተኞች ውስጥ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ አንገቱ ሥር ሽቶ ነካ አድርጎ የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። የመዝገብ ስሙን ከገንዘብ ያዡ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ለአለቃውም፣ ለጫኝና አውራጁም፣ ለዘበኛውም ጋሽ ሽቶ ነው።

«ጋሼ፣ የዛሬው ደግሞ ምን ምን ይላል?» ይለዋል ዘበኛው ቦርሳውን እየፈተሸ።

«አሁን የብርቱካን ልጣጭ ነው። ረፈድ ሲል ወደ እንጨት ይሄዳል።»

«ከዚያ ወዲያማ የት እንደሚሄድ እኔም አውቃለሁ!» ብሎ ዘበኛው በአገጩ ወደ ፋብሪካው ያሳያል። ይህችን ቀልድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደጋግሟታል፤ ጋሽ ሽቶም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይስቅለታል። ሰው ማስከፋት አይሆንለትም።

ስለ ሽቶ ከመጣ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ጊዜ በፋብሪካው የዓመት መዝጊያ ግብዣ ላይ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ዝናውን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉለት። «እስቲ ስለኔ ምን ትላለህ?» እሱም ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ «እሜቴ፣ ጥሩ ሽቶ ነበር፤ ግን ሞቷል። መስኮት አጠገብ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት? ፀሐይ ነው የገደለው» አላቸው። የዚያ ዓመት ዕድገት ለሌላ ሰው ሄደ። ጓደኞቹ «ምናለ ‹ግሩም ነው› ብትላቸው? ምን ይቀርብህ ነበር?» ብለው ሲወቅሱት፣ «በሌላው ዋሽ በሉኝ፣ እዋሻለሁ። በአፍንጫዬ ግን አልዋሽም» አላቸው። እኔ ብሆን «ግሩም ነው» ብዬ ዕድገቴን እወስድ ነበር፤ እሱ ግን እንደዚያ ነው፣ ምን ይደረግ።

ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ሽታውን ማስረዳት ይከብዳል። ቆዳው ከነፀጉሩና ከነጨው ተቆልሎ ይመጣል። ኖራ ውስጥ ተነክሮ ፀጉሩ ይራገፋል፣ ስቡ ይፋቃል፣ ከዚያ ቤት የሚያካክሉ በርሜሎች ውስጥ ከመድኃኒትና ከዛፍ ልጣጭ ጭማቂ ጋር ሲሽከረከር ይለፋል። ጋሽ ሽቶ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦት ጫማ አድርጎ በዚያ እርጥብ ክፍል ነው ያሳለፈው። ከዚያ እጁ ታወቀና ወደ ደረጃ መለያው ክፍል ተዛወረ፤ እነሆ አሥራ ሰባት ዓመቱ። እዚያ ያለቀለት ቆዳ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋለታል፤ በመዳፉ ዳበስ ያደርገውና አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ክፍሉ ይቀየር እንጂ ሽታው አልለቀቀውም። ከጥፍሩ ሥር ይገባል፣ ከፀጉሩ ሥር ይገባል፣ ሦስቴ በሳሙና ታጥቦም አይወጣም።

ክፋቱ ደግሞ እሱ ራሱ አይሸተውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የአፍንጫም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ ገቢ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ምሳውን መብላት ያቅተዋል፣ በሁለተኛው ይለምዳል፣ በሦስተኛው አፍንጫው ለፋብሪካው ፈጽሞ ይደነቁራል። ጋሽ ሽቶ የሰው ሁሉ ሽታ ይሸተዋል፤ የገዛ ራሱን ግን የሚያነበው በሰው ፊት ላይ ነው።

የሽቶ ፍቅሩም የጀመረው በሰው ፊት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ገደማው ነበር፤ ሥራ ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት የልጇን አፍንጫ በመሀረብ ሸፍና ከአጠገቡ ተነስታ ሄደች። ምንም አላለችውም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ወረደና በእግሩ ሲያዘግም ከአንድ የሽቶ ሱቅ ደጃፍ ደረሰ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሻጭ የዕድሜ እኩያው ነበረች። አፍንጫዋን አልያዘችም።

«ምን ልስጥህ?» አለችው።

«ሰው የሚደብቅ።»

ሻጯ አልሳቀችም። «እጅህን አምጣ» አለችው። ሊደበቅበት ገብቶ ፍቅር ይዞት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ያን ሱቅ ሳይረግጥ አያልፍም። ሻጯ ዛሬ መነጽር አድርጋለች፣ ፀጉሯም ሸብቷል፤ እሱን ማባረር ግን አልተማረችም። አዲስ ጠርሙስ ሲገባላት «ና እስቲ ፍረድ» ትለዋለች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እያጠራቀመ የገዛቸው አሥራ አንድ ጠርሙሶች ብርሃን እንዳያገኛቸው ቁም ሣጥኑ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልለው ተኝተዋል። አራቱ ባዶ ናቸው፤ ለመጣል ግን አንጀቱ አልቻለም።

ስለ ሽቶ የራሱ ሕግ አለው። ወረቀት ላይ ተረጭቶ የተሸተተ ሽቶ ለእሱ ገና ሽቶ አልሆነም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል በወረቀት አሽትተው በሁለት ደቂቃ ከፍለው የሚወጡትን እያየ፤ «ወረቀት የያዘውን ይዞ ይቀራል፤ ገላ ግን ይለዋውጠዋል።» እጅ ላይ እንደተረጨ የሚሸተው፣ ያ ሎሚ ሎሚ የሚለው፣ የበር ላይ ሰላምታ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይቆይም። ቀጥሎ አበባውና ቅመሙ ይመጣል፤ እሱ ጨዋታው ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ፣ ሁሉ ካለፈ ወዲያ ገላ ላይ ተጣብቆ በሚቀረው ነው። «ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ምሳሽን አብረሽው ብዪ» ይላታል የማያውቃትን ገዢ፣ ሻጯ ከባንኮኒው ኋላ እያፈጠጠችበት።

የሽቶውን ዓለም ሲወደውም ሲያማውም እኩል ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ ደረቱን ገልጦ ፈረስ የሚጋልብ ጎልማሳ ፎቶ ተለጥፏል፤ «ይሄ ሰውዬ የሚያስፈልገው ሸሚዝ ነው» ይላል ጋሽ ሽቶ። ጠርሙሱ ወርቅ ቅብ፣ ክዳኑ ዘውድ፣ ውስጡ የከረሜላ ውሃ! ያንኑ ከረሜላ በየዓመቱ ስሙን እየለወጡ ያመጡታል ብሎ ይበሳጫል። ደህና ሽቶ ሲያገኝ ደግሞ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ አያፍርም። አንድ የማያውቀው ሰው በማያውቀው አገር ተቀምጦ፣ ዝናብ የነካውን አፈር ጠርሙስ ውስጥ ላስቀምጥ ብሎ ዓመታት መልፋቱ ይደንቀዋል። «ይሄን የሠራው ሰውዬ የገዛ እጁ ምን ምን ይል ይሆን?» ብሎ አንድ ቀን ሻጯን ጠየቃት።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ቤቱ ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ በረንዳ አለው፤ የሥራ ልብሱ ከዚያ በረንዳ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ስለ ፋብሪካውም ቤት ውስጥ አይወራም። ልጅቷ ፀጉሯን በአባቷ እጅ እየተጎነጎነች አደገች፣ ተማረች፣ ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆናለች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋን ወንድም ልታገባ ነው። ልጁ ቀያሽ ነው፤ መሬት ሲለካ ይውላል። ሁለት ጊዜ ቤት መጥቶ ጋሽ ሽቶ ወዶታል። «ሳሙና ሳሙና ብቻ ነው የሚለው፤ የሚደብቀው ነገር የለውም» ብሏል።

አንድ ሐሙስ ከሥራ እንደተመለሱ ልጅቷ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ እጆቿን ታፍተለትል ጀመር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣኝ።»

«‹እንዳትቆጣኝ› ከተባለማ የሚያስቆጣ ነው። ንገሪኝ።»

«እናትና አባቱ እሁድ ሊተዋወቁህ ይመጣሉ።»

«ይምጡ እንጂ! ይሄ ምን ያስቆጣል?»

«እነሱ... አንተን ሽቶ ነጋዴ ነው ብለው ነው የሚያውቁህ።»

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ፊቷን ሲያየው ሳቁን መለሰው።

«ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ልጆቹ አባታቸው ምን እንደሚሠራ ይነጋገራሉ። እህቱ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ‹ያንቺ አባት በጣም ነው የሚሸተው፣ ጥሩ ጥሩ ነገር፤ ሽቶ ነው እንዴ የሚሸጠው?› አለችኝ። እኔም አዎ አልኩ። በቃ ይሄው ነው አባዬ፤ አንዲት አዎ።»

አንዲቷ አዎ አሥራ ሰባት ዓመት ስትወልድ ስትዋለድ ኖረች። ጓደኛዋ ቤታቸው መጥታ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ጠርሙሶቹን ስታይ ጭራሽ አመነች። ለእናቷ ነገረች፣ ለአባቷ ነገረች፣ ለወንድሟ ነገረች። ልጅቷም ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባትና እያደር ማረም አቃታት። አሁን ጓደኛዋ አማች ልትሆን ነው።

ጋሽ ሽቶ ከፋው። አውቶቡስ ውስጥ ከአጠገቡ የተነሳችው ሴት ባዳ ነበረች፤ ይህቺ የአብራኩ ክፋይ ናት። ግን ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ መቀመጫዋ ላይ ተቀምጣ «ቆዳ ፋብሪካ» የሚለውን ቃል ስትፈራው በዓይነ ሕሊናው ታየው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ራሱ የሚሸሸውን ነገር ሕፃን ልጅ ለምን ሸሸችው ብሎ ሊወቅሳት ነው?

«እሺ» አለ። «ነጋዴ ነኝ። ሱቄ የት ነው?»

እሷም ሳቀችና ወዲያው አለቀሰች።

ቅዳሜ ሻጯ ወሬውን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች። «አንተ ልትዋሽ? የልጁ አባት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው አላልክም? አፍህን ሳትከፍት ይፈርዱብሃል።»

«ለምን እዋሻለሁ? የሚጠይቁኝ ስለ ሽቶ ነው፤ ስለ ሽቶ ደግሞ የማወራው እውነቱን ነው። በአፍንጫዬ እስካልዋሸሁ ድረስ ሌላው ቀላል ነው።»

ሻጯ መነጽሯን መልሳ አድርጋ ጠርሙሶቿን መወልወል ጀመረች።

እሁድ ጠዋት ሦስቴ ታጠበ። ጥፍሩን በብሩሽና በሎሚ ፈተገ። የሥራ ልብሱን ከበረንዳው አንስቶ ጎረቤት ቤት አስቀመጠው፤ መስኮት ሁሉ ከፈተ። ልጅቷ ሻይ አፈላች፣ ብስኩት በሳህን ደረደረች፣ ብርቱካን ቆረጠች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ።

ዳኛው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራቸውን ለመያዣ እንጂ ለመደገፊያ የማይጠቀሙበት ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ፤ ሰው ሲያዩ ማስታወሻ ደብተሩን ረስቶ የመጣ ተማሪ የሚያዩ ይመስላሉ። ቀያሹ ከኋላቸው ኬክ ይዞ ቆሟል። እህቱ ለሥራ ከከተማ ወጥታ አልመጣችም።

ከተቀመጡ በኋላ ወሬው ትንሽ ተሳሰረ። የደረጃው ብዛት ተወራ፣ የአየሩ ሁኔታ ተወራ። ኋላ ርዕሰ መምህርቷ «እንግዲህ እንደ ባለሙያ ይፍረዱኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ሽቶ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አሸተተ።

«ሁለት ሽቶ ነው የተቀቡት» አላቸው። «አንዱ የጠዋቱ ነው፤ ነጭ አበባ፣ በጣም ጥሩ። ሁለተኛውን ግን አሁን፣ ደረጃው ላይ ነው የጨመሩት።»

ርዕሰ መምህርቷ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ቀያሹ መሳቅ ጀመረ፤ «አየሁሽ እኮ እማዬ፣ ‹ቅደሙ እናንተ› ስትይን!» ዳኛው ሳቁ፣ ባለቤታቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞቀ። ጋሽ ሽቶ ስለ ሰላምታውና ስለ ጨዋታው፣ ስለ ከረሜላው ውሃ፣ ፈረስ ስለሚጋልበው ሸሚዝ አልባ ሰውዬ እያወራ ሻይ ሁለት ዙር ተጠጣ። ሱቅዎ የት ነው ያለው የለም። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሆና ትከሻዋ ሲላላ አየ፤ እፎይ ስትል አየና እሱም ደስ አለው።

ያኔ ነው ዳኛው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሀረብ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ ያወጡት።

«ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ የሰጡኝ ነው» አሉ። «አራት ዓመት ሆነኝ፤ ትልቅ ቀን ካልሆነ አልነካውም። ከሥሩ አንድ ነገር አለ፣ የማውቀው ነገር ነው፣ ስሙ ግን አልመጣልህ አለኝ። ሦስት ሱቅ ጠይቄያለሁ። አንዱ ትምባሆ ነው አለኝ፣ አንዱ ማር ነው አለኝ፣ አንዷ ዋጋውን ብቻ ነገረችኝ።» እጃቸው ላይ አንዴ ረጩና ዘረጉለት። «የሚገርመው ደግሞ፣ ዛሬ በርዎን አልፌ ስገባ ያው ነገር እዚህም የሸተተኝ መሰለኝ። እስቲ ምንድን ነው?»

ጋሽ ሽቶ አሸተተ። መጀመሪያ ሰላምታው መጣ፣ መራራ ቅጠል ነገር። ትንሽ ቅመም ተከተለ። አላቸኮለውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ከዚያ ከሥር የመጣውን ከአፍንጫው ቀድሞ መዳፉ አወቀው።

ቆዳ ነበር። በዛፍ ልጣጭ የለፋ፣ በዘይት የለሰለሰ፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀ የፍየል ቆዳ፤ አንደኛ ደረጃ። ቆዳ ቆዳ የሚሉ ውድ ሽቶዎች እንዳሉ ሻጯ ነግራው ታውቃለች፤ ሱቋ ገብቶ ግን አያውቅም፣ እሱም የሀብታም ቀልድ ነው ብሎ ትቶት ነበር። ፋብሪካ ውስጥ አፍንጫው ከደነቆረ ሃያ ስድስት ዓመት ያለፈው ሰውዬ የገዛ ራሱን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸተተው። አንድ የማያውቀው ሰው ጨውን፣ ኖራውንና ስቡን ሁሉ አጥቦ እሱን ብቻ ለይቶ አስቀምጦለታል። ያምር ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በሳሙናና በሎሚ ሲፍቀው የኖረው ነገር ያምር ነበር።

«እህስ?» አሉ ዳኛው።

ቀና ሲል የልጅቷን ዓይን አገኘ። ትፈራለች። ቆዳ ነው ካለ፣ እዚህ ቤት ለምን ቆዳ ይሸታል ማለታቸው አይቀርም፤ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ጥያቄ ሲያስከትሉ የኖሩ ዳኛ ናቸው።

«እንጨት ነው» አለ ጋሽ ሽቶ። ድምፁ የእሱ አልመስልህ አለው። «ከሩቅ አገር የሚመጣ እንጨት። ስሙን ብነግርዎ አያውቁትም። እኛ ሽቶ ነጋዴዎች ቤት አይጠፋም።»

«እንጨት!» አሉ ዳኛው ወደ ባለቤታቸው ዞረው፤ «ትምባሆ እንዳልሆነማ አውቄያለሁ።»

ጋሽ ሽቶ ሻዩን አነሳ። ሳይጠጣው መልሶ አስቀመጠው። የሥራ አስኪያጁን ሚስት ያልፈራ ሰው፣ ዕድገቱን በአፍንጫው የለወጠ ሰው፣ አሁን ከሁሉ በላይ ባማረበት ሽታ ላይ ዋሸ። ሲዋሽ ደግሞ የካደው ራሱን ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን ከሚስቱ ሞት ወዲህ ደርሶበት አያውቅም፤ ለፊቱ ግን ፈገግታ አበጀለት።

ርዕሰ መምህርቷ ጠርሙሱን ተቀብለው አሸተቱና ለልጅቷ አቀበሏት። «እስቲ አንቺም አሽትቺው። የአባትሽ ልጅ አይደለሽ!»

ልጅቷ ክዳኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከዚያ አላወረደችውም። ዓይኗ ከአባቷ ላይ ተተከለ፤ ግራ የገባት ትመስል ነበር።

«እንጨት አይደለም» አለች።

«ነው እንጂ» አላት አባቷ ቶሎ ብሎ። «አንቺ አታውቂውም።»

«አባዬ፣ እንጨት አይደለም። ይሄ አንተ ነህ።» ጠርሙሱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ከሥራ መጥተህ ሳትታጠብ በፊት፣ ደረጃው ላይ ጠብቄህ አንገትህ ላይ እንጠለጠል የለ? ‹ውረጂ፣ ልታጠብ› እያልከኝ እንቢ እል የለ? ይሄ ነው የሚሸተኝ።» ወደ ዳኛው ዞረች። «አባቴ ሽቶ አይሸጥም። ቆዳ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ሽቶ ነጋዴ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ያወቀው ሐሙስ ዕለት ነው።»

ቀያሹ ኬክ የቆረጠበትን ቢላዋ እንደያዘ ቀረ።

«አሥራ ሰባት ዓመት!» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆች ሲዋሹ ስይዝ ኖሬ፣ አንቺ በገዛ ቤቴ እራት እየበላሽ!» ብድግ ብለው በረንዳው ላይ ወጡ። ማንም አልተከተላቸውም።

ዳኛው ባለቤታቸውን አላዩም፤ ጋሽ ሽቶን ነው ያዩት። «ልጅቷስ ልጅ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «እርስዎስ? አሁን፣ እኔ ፊት፣ ቆዳ መሆኑን እያወቁ እንጨት ነው ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ጋሽ ሽቶ ብዙ መልስ ፈለገ። የመጣለት አንድ ብቻ ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ ልጄ ናት።»

ዳኛው እጅጌያቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ያንኑ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ እንደገና ዘረጉለት። «በሉ እንደ አዲስ ያሽትቱት» አሉ። «አሁን እውነቱን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ሽቶ ጎንበስ አለ። የፍየል ቆዳ ነው አላቸው፤ የበግ ቢሆን ይሳሳ ነበር፣ የከብት ቢሆን ይከብድ ነበር። በመድኃኒት ሳይሆን በዛፍ ልጣጭ ነው የለፋው፤ ያ ትምባሆ የመሰላቸው እሱ ነው። ማር የመሰላቸው ማለስለሻው ዘይት ነው። ከዚያ ዳኛው ጠየቁ፣ እሱም መለሰ፤ ስለ በርሜሎቹ፣ ስለ ኖራው፣ ክረምት ከበጋ ቆዳው እንዴት እንደሚለይ፣ እሾህ የቧጨረውን ቆዳ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እንዴት እንደሚያገኘው ነገራቸው። እጁ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ቆዳ እየዳበሰ ነበር። ቀያሹ ቢላዋውን አስቀምጦ ተጠጋ። ርዕሰ መምህርቷ ፊታቸውን ባያዞሩም የበረንዳውን በር አልዘጉትም።

ልጅቷ አባቷ ስለ ሥራው ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። እጁን እያየች ቆየችና፣ «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ለኔ ነግረኸኝ የማታውቀው ለምንድን ነው?» አለችው።

«ሽታው አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው» አላት።

እሷም ጠርሙሱን ለዳኛው መለሰችላቸው፤ ከዚያ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላቸው።

«ለእኔም ይርጩልኝ» አለች።